የአባባ ሳል

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእማዬ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመብርሃን ትመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ለእትዬም፣ ለየኔታም፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ወንድምዓለም፣ የምታነብላት አንተ ነህና አስቀድሜ አደራ ልበልህ። እሳቱ ዳር ቁጭ በሉና ቀስ ብለህ አንብብላት። መሀል ላይ የሚያስደነግጣት ነገር አለ። እሱን ዘለህ እንዳታልፍ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ስዘለው ቆይቻለሁ፣ ይበቃል።

በወረቀት የመጣሁት ስልኩ ስላስቸገረን ነው። አንድ ቀን ገብቶ አሥር ቀን ይጠፋል። ሲገባም «ሃሎ፣ ይሰማሻል?» ስንባባል ይቋረጣል። ከማርያም ጽዋ ማኅበራችን አንዷ እህት ለገና አገር ቤት ስለምትገባ ደብረ ብርሃን ድረስ ታደርስልኛለች። ከዚያ ወደ መንዝ የሚመጣ ሰው ሲገኝ፣ መንገዱም ደህና ሲሆን፣ እጃችሁ ይገባል።

እማዬ፣ ባለፈው ስልኩ ሲቋረጥብን ምን እያልሽኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ? «ልጄ፣ ዘመድ በሌለበት አገር ማን ይጠብቅሻል?» ነበር ያልሽኝ። ልመልስልሽ ስል መስመሩ ጠፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሆዴ ስመልስልሽ ነው የከረምኩት። አውቶቡስ ላይ፣ ወጥ ስሠራ፣ ልተኛ ስል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ በደንብ ልንገርሽ። ሆስፒታል ነው የምሠራው ብዬሽ ነበር፣ አይደለም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት ነው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። 14 ክፍል በእኔ እጅ ነው። በየ2 ሰዓቱ እየዞርኩ ራሳቸው መገላበጥ የማይችሉትን አገላብጣለሁ። በአንድ ጎን ብቻ ተኝተው ካደሩ ገላቸው ይቆስላል፣ ያ ቁስል ደግሞ ክፉ ነው፣ ችላ ከተባለ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጨርቅ እቀይራለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ ደወል ሲደወል እሮጣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሥራዬ አለመተኛት ነው። የሚከፈለኝ እነሱ ተኝተው እኔ እንድነቃ ነው።

«እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም፣ አያንቀላፋም» የሚለውን አባባ ዳዊት ሲደግም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጆሮዬ ላይ ያለፈ ነገር ነው። የገባኝ እዚህ ኮሪደር ላይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይጣበቅብኛል። ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እታጠብና እንደገና እዞራለሁ። አንዱን ክፍል ከፍቼ አንድ ሽማግሌ በደንብ ሲተነፍስ ስሰማ ቀስ ብዬ በሩን እዘጋለሁ። እሱ መምጣቴን አያውቅም። ጠዋት ሲነሳ ማን ሲያገላብጠው እንዳደረ አያውቅም። እናም አንድ ሌሊት እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ደክሞኝ፣ እግሬ አብጦ፣ ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ከነቃሁ፣ የፈጠረኝ አምላክማ ለእኔ ስንት ሌሊት ሳላውቀው በሬን ከፍቶ አይቶኝ ይሆን?

የአውድማውን ጊዜ ታስታውሻለሽ አይደል? እንዲህ በታኅሣሥ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር አባባ ማታ ማታ አውድማው ላይ ያድር ነበር። ባናውን ተከናንቦ፣ በላዩ ገሳውን ደርቦ፣ በዚያ ከጓሳ ተራራ በሚወርድ ንፋስ። እኛ ቤት ውስጥ አንቺ ጉያ ተኝተን ጅቡ ሲጮህ እሰማና እፈራለሁ። ከዚያ ከውጭ ሳል ይሰማል። «እህህ»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እህህ»። ጉንፋን ይዞት አይደለም። ሆን ብሎ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሚስል ጠየቅኩት። «ሌባ ሰው እንዳለ አውቆ እንዲሸሽ ነው» አለኝ። እኔ ግን አንድ ማታ ሽንቴን ልሸና ብቅ ብዬ አይቼዋለሁ። ሲስል ፊቱ ወደ መንገዱ አልነበረም። ወደ ቤቱ ዞሮ ነበር።

ያን ሳል ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጅቡ መጮሁን አላቆመም እኮ። ጅቡም ይጮሃል፣ አባባም ይስላል፣ እኔም እተኛለሁ።

እዚህ 9 ቁጥር ክፍል ያለች አንዲት አሮጊት አለች፣ 94 ዓመቷ ነው። እዚሁ የተወለደች ናት፣ ወላጆቿ ግን ከዩክሬን የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። በዚህ ክፍለ ሀገር እንደነሱ ያሉ ብዙ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ከመጡ ከ130 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟት እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ፣ የቀራት በልጅነቷ እናቷ ያወራቻት ቋንቋ ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ነቅታ ትጣራለች። እኔ ቋንቋዋን አልችል፣ እሷ የእኔን አትችል። እጇን ብይዛት ትደነግጣለች፣ መብራት ባበራ ታለቅሳለች። አንድ ቀን በሯ ጋ ቆሜ ምን ላድርግ ስል ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሳልኩ። ዝም አለች። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሳልኩ። ትራሷን አስተካክላ ተኛች። እማዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በ9 ቁጥር ባለፍኩ ቁጥር እስላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት «ሐኪም አልታየሽም ወይ?» ብላ ትጨነቅልኝ ነበር፣ በኋላ ነገርኳት።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አይዞሽ፣ ካለፈ ዓመት ሊሆነው ነው።

ባለፈው ጥር ከተኛሁበት ተጠርቼ ተረኛ ልተካ ስሄድ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ በረዶው አንሸራቶኝ ወደቅኩ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። የዚህ አገር በረዶ ለስላሳው አይደለም የሚጥለው፣ ከሥር እንደ መስታወት የረጋው ነው። ከዜሮ በታች 31 ነበር የዚያን ቀን። ውርጭ ለመንዝ ልጅ ምኑ ነው ትይኝ ይሆናል፣ የኛ ውርጭ ግን ጀንበር ስትወጣ ይለቃል፣ ይህ አይለቅም። ስልኬን ባወጣ በብርዱ ባትሪው ሞቷል፣ እንዲህ ሲበርድ ስልክ ይጠፋል። ፋብሪካና መጋዘን ያለበት ሰፈር ስለሆነ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ልነሳ ስል ሰማዩ ዞረብኝ። «ጻድቃኔ ማርያም» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ብዙ አይመስለኝም። በረዶ የሚጠርግ ትልቅ መኪና መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ምንም ሳይጠይቀኝ ካፖርቱን አወለቀና አለበሰኝ። እሱ በሹራብ ብቻ ቆሞ አምቡላንስ ጠራ፣ እስኪመጣ ድረስም መኪናው ውስጥ አስቀምጦ አሞቀኝ። ስሙን ሳልጠይቀው ነው የሄድኩት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እጄ በጀሶ 6 ሳምንት ታሠረ። ሕክምናው ገንዘብ አላስወጣኝም፣ እዚህ የጤና ካርድ ያለው ሰው ሆስፒታል ሲገባ አይከፍልም። ሥራ ግን መሥራት አልቻልኩም። ያን ጊዜ ነው «ባንኩ ተበላሽቶ ነው ገንዘቡ የዘገየው» ያልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው እማዬ፣ ይቅር በይኝ። የማኅበሯ እህቶች ተራ ገብተው እንጀራ ያመጡልኝ፣ ጸጉሬን ያጥቡኝ፣ ልብሴን ያለብሱኝ ነበር። ያቺ ፊሊፒናዊትም ከሥራ ስትወጣ ሩዝና ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ሃይማኖቷ ሌላ፣ አገሯ ሌላ። በሬ ላይ ቆማ «ብላ ብላ» የሚለውን አማርኛ ከእኔ ተምራ ስትለኝ ሳቄ ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ጀሶው እንደታሠረልኝ ቤቴ ተኝቼ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። ስወድቅ አንቺ የት እንደነበርሽ ማወቅ ፈለግኩ። ቅዳሴ ላይ ነበረች ይሆን? ጻድቃኔ ወርዳ እየተሳለችልኝ ነበር ይሆን? እንዲያ ሆኖ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። በክረምት በእኛና በእናንተ መሀል 10 ሰዓት ልዩነት አለ። የወደቅኩት እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። እናንተ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው።

አንቺ ተኝተሽ ነበር።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቆይቶ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀ። እናቴ ስትተኛ፣ የሚጸልይልኝ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ስልኬ ሲሞት፣ እኔ ራሴ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ያልተኛ ነበረ። ጸሎትሽ አይጠቅምም እያልኩሽ አይደለም፣ በጸሎትሽ ነው ያለሁት። ግን ሌሊቱን ሙሉ ልጠብቃት ብለሽ ራስሽን አትጉጂ። ወንድሜ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሽ እንደምታለቅሺ ነግሮኛል። አንቺ ተኚ። በሞቴ ተኚ።

ይህን ስል ግን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ፣ እሱንም አልደብቅሽም። አብሮ አደጌን ታውቂያታለሽ። በ2007 ሁለታችን ተደብቀን በሸዋ ሮቢት አድርገን፣ በአፋር፣ በጅቡቲ ኦቦክ ባሕር ልንሻገር ተነሥተን አልነበር? እኔ ደገኛዋ ሸዋ ሮቢት ላይ ወባ ያዘኝና ቀረሁ። አልጋ ላይ ሆኜ እግዚአብሔርን ስወቅስ ነበር፣ ለምን እኔን ብቻ አስቀረኸኝ ብዬ። እሷ ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም።

የጓሳ ሣር እንዳይታጨድ ሲዘጋ እንዴት እንደሚያናድደኝ ታስታውሻለሽ። ጣሪያችን ያፈስ ነበር፣ ሣሩ እዚያው ዓይናችን ሥር ሞልቶ ሽማግሌዎቹ አይታጨድም ይላሉ። ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጉታል። ጨካኞች ይመስሉኝ ነበር። በኋላ ሲከፈት ሣሩ እስከ ወገቤ ደርሶ ለቤት ክዳኑም፣ ለገመዱም፣ ለገሳውም ተረፈ። አባባ ከቀደምት አባቶቻችን ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ 400 ዓመት ገደማ እንዲህ እየተጠበቀ መጣ ይለን ነበር። ሌላው ደጋ ሁሉ ተራቁቶ ጓሳ እስከ ዛሬ ጭላዳውንም ቀይ ቀበሮውንም ይዞ የቀረው በመዝጋቱ ነው። የእኔ ወባም እንደዚያ የተዘጋ ጓሳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን እሷስ? እሷም እንደ እኔ ስለት ተስላ ነው የወጣችው። አንገቷ ላይ የነበረው ማተብ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የታሠረ ነው። እኔን ጠብቆ እሷን ረሳት ብዬ ለመናገር አፌ አይከፈትም፣ እውነት ነው ብዬም አላምንም። ሰው ከጥፋት ሲተርፍ «እኔን ወደደኝ» ሲል እሰማለሁ፤ ያልተረፈው እናት ስትሰማው ምን ትል ይሆን ብዬ ያመኛል። መልስ የለኝም እማዬ። ያለኝ አባባ የሚደግመው ያ ዳዊት ብቻ ነው፣ በባሕር ዳርቻ ብኖር እንኳ እጅህ ትይዘኛለች የሚለው። ከእጁ አልወጣችም። በሕይወት ብትኖርም፣ ባትኖርም። እናቷ ዛሬም ቡና ስታፈላ ስኒዋን ትደረድርላታለች ብሎ ወንድሜ ነግሮኛል። ሂጂና አብረሻት ጠጪ። ያንን ስኒ አንስተሽ ጠጪላት እንጂ ባዶውን አትተዪው።

አባባ ያረፈ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ያ ኅዳር 2014። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ፣ ስልካችሁ አልገባ ብሎ፣ እኔ እዚህ ግድግዳ ስቧጥጥ። መሞቱን የሰማሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። አፈር ሳላቀብለው ቀረሁ። ያን ጊዜ ማንም «እግዚአብሔር ይጠብቃል» ቢለኝ እቆጣ ነበር። በኋላ ነው ወንድሜ የነገረኝ፤ ሰው ሁሉ በስጋት ልብሱን ቋጥሮ በተቀመጠበት ሰዓት የእድሩ ሰዎች እንዳልተበተኑ፣ በሌሊት ቃሬዛ ይዘው እንደመጡ፣ በወጉ አልቅሰው እንደቀበሩት። ለሕይወታቸው የፈሩ ሰዎች ለሞተ ሰው ጊዜ ነበራቸው። ይህን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል። እኔ በሌለሁበት ልጅ ሆነው ቀበሩልኝ። እነሱን ማን ላካቸው?

አሁን ደግሞ የምፈራው እኔ ነኝ። አንቺ ለእኔ ትፈሪያለሽ፣ እኔ ለእናንተ። ስልኩ ሳምንት ሲጠፋ የማላስበው ክፉ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። 14ቱን በሮች ለእናንተ አከፋፍያችኋለሁ። 1 ቁጥር የአንቺ ነው። 2 ቁጥር የወንድሜ፣ 3 የሚስቱ፣ 4 የሕፃኑ። እንዲህ እያልኩ የእትዬ፣ የየኔታ፣ የአብሮ አደጌና የእናቷ፣ ቃሬዛ የያዙት ሰዎች። አንድ በር ደግሞ ለዚያ ካፖርቱን ላለበሰኝ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እጀታውን ስይዝ የባለቤቱን ስም ጠርቼ «አንተ ጠብቅ» እልና እገባለሁ። አንድ ሌሊት አራት ጊዜ ስዞር አራት ጊዜ ትጠራላችሁ። እዚህ ሌሊት ሲሆን እናንተ ጋ ቀን ነው፤ እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ እዚያ 11 ሰዓት ነው፣ በጎቹ የሚገቡበት ሰዓት። ገና ጨለማ ነው እዚህ። በዚህ ወር ጀንበር የምትወጣው ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፣ 10 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ትጠልቃለች። አውቶቡስ ስጠብቅ ጨለማው ውስጥ ቆሜ በጎቹ ወደ ጋጣ ሲገቡ አቧራው ይታየኛል።

ለአባባ በር አልሰጠሁትም። እሱ ኮሪደሩ ነው።

ሌላው ነገር፦ ከደብዳቤው ጋር ያለው ገንዘብ ለሦስት ነገር ነው። ግማሹ ለዓይንሽ መነጽር፣ ደብረ ብርሃን ሄደሽ ተመርመሪ፣ ነገ ዛሬ አትበይ። ከቀረው ለእድሩ አንድ ጥሩ በግ ግዙና አባባን የተሸከሙትን ጠርታችሁ አብሏቸው፤ አባባ በረከቱ ይድረሰው። የተረፈውን ለአብሮ አደጌ እናት ስጧት፣ ከልጅሽ ነው በሏት እንጂ ከእኔ ነው አትበሏት። የላክሽው ባና ደርሶኛል፣ ማታ ማታ እሱን ነው የምለብሰው፣ የበጉ ጠረን አሁንም አልለቀቀውም። እጄ ድኗል፣ ብርድ ሲበረታ ብቻ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። ጥር 21 ለአስተርዮ ማርያም ጻድቃኔ ከወረድሽ ስለቴን እኔው ራሴ መጥቼ እስክከፍል አንቺ ጧፍ አብሪልኝ። ጉም ካለ ግን ብቻሽን አትውረጂ፣ ሰው ይዘሽ ውረጂ።

ወንድሜ፣ መልስ ስትጽፍ ብዙ አትጨነቅ፣ ሁለት መስመር ይበቃኛል። ግን ወረቀቱ ግርጌ ቦታ ተውላትና እማዬ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትምልኝ። እማዬ፣ ጫን አድርገሽ አትሚው፣ መስመሩ በደንብ እንዲወጣ። 1 ቁጥር በር ላይ ከውስጥ በኩል ልለጥፈው ነው።

ልጅሽ
ኤድመንተን፣ ካናዳ
ታኅሣሥ 2017